ከቀበና እስከ እንጦጦ፣ ብቻዬን

(በማህበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ፣ ከሒሳብ ሪፖርቱ ቀጥሎ የቀረበ ንግግር)



የሒሳብ ሪፖርቱን ጨርሻለሁ። ከሁለት ሰው በቀር ማንም እንዳላንቀላፋ ከዚህ ሆኜ አይቻለሁ፤ አመሰግናለሁ። አሁን የምናገረው አጀንዳው ላይ «ልዩ ልዩ» ተብሎ የተጻፈውን ነው። ከጥቅምት ወዲህ በሰፈራችን «ሒሳብ ሠራተኛዋ ብቻዋን እንጦጦ ጫካ ገብታ ዋለች» እየተባለ ይወራል። ስለት ነው ያሉ አሉ። ክብደት ለመቀነስ ነው ያሉም አሉ፤ እነሱን አልቀየምኩም። አንዲት ጎረቤታችንማ ከባለቤቴ ጋር ተጣልቼ እንደሆነ እናቴን ቀስ ብላ ጠይቃታለች። ሰብሳቢያችን «ወሬውን ከሚሰሙት ከራስሽ አፍ ይስሙት» ስላሉኝ ይኸው ቆሜያለሁ።

ነገሩ የጀመረው በብድር ኮሚቴያችን ጠረጴዛ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት አንዲት እናት አባላችን 15,000 ብር ብድር ጠየቁ። ስማቸውን እንዳልጠራ ነግረውኛል፤ ታሪኩን እንድናገር ግን ፈቅደዋል። ሥራቸው ከእንጦጦ ጭራሮና ቅጠል ተሸክሞ አውርዶ መሸጥ ነው። ብድሩን የፈለጉት ሸክሙን ትተው እንጀራ ጋግረው ለመሸጥ ነበር። ቅጹን የሞላሁላቸው እኔ ነኝ።

«አንዱን ሸክም በስንት ይሸጡታል?» አልኳቸው። «ሁለት መቶ ብር» አሉኝ። «በሳምንት ስንት ቀን ይሠራሉ?» ስላቸው «ሥራማ መቼ ይቀራል፣ ሁሌም ነው» አሉ። አምስት ብዬ ጻፍኩ። «ዕቃውን በስንት ይገዙታል?» ስላቸው ሳቁ። የማይገዛ ዕቃ ነውና ወጪ በሚለው መስመር ላይ ዜሮ አሰፈርኩ። አምስት ጊዜ 200 ብር፣ በሳምንት 1,000፣ በወር 4,000 ብር። ወጪ የሌለው ንግድ! ሒሳብ ሠራተኛ እንዲህ ያለ ቁጥር ሲያጋጥማት መጠራጠር ነበረባት፤ እኔ ግን ደስ አለኝ። በወር 1,500 ብር እንዲመልሱ ሐሳብ አቀረብኩ፤ ኮሚቴውም አጸደቀው።

ሁለት ወር ከፈሉ። ሦስተኛው ወር ላይ ዘገዩ፤ በአራተኛው ጭራሽ ቀሩ። ስልክ ደወልኩ። ድምፄ ውስጥ ትንሽ ቁጣ እንደነበረ አልክድም። በማግስቱ መጡና የቁጠባ ደብተራቸውን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጡት። ያጠራቀሙትን አውጥቼ እዳቸውን እንድቀንስላቸው ነው የመጡት። ብድሩ ለጤፍ፣ ለምጣድና ለሊጥ ዕቃ ሄዷል፤ የእንጀራው ደንበኛ ገና አልጠናም፤ ስለዚህ ለእኔ የሚከፍሉትን ለማግኘት ተመልሰው ሸክም ገብተዋል። ጉልበታቸው አብጧል። ቅጹን አውጥቼ ቁጥሩን አሳየኋቸው። ማንበብ አይችሉም፤ ግን ወረቀቱን ትኩር ብለው አዩትና «ልጄ፣ እዚህ ወረቀትሽ ላይ እንጦጦ የለም። አንድ ቀን ውጪና እይው» አሉኝ።

ይዘውኝ እንዲሄዱ ለመንኳቸው። እምቢ አሉ። «ካንቺ ጋር ብሄድ ወሬ ስናወራ ነው የምንውለው። እኛ ስንወጣ በቡድን ነን። ስንወርድ ግን አብረንም ሆነን ሁላችንም ብቻችንን ነን፤ ተሸክሞ ጨዋታ የለም። ብቻሽን ሂጂ» አሉኝ።

እኔ ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ቀበና ነው። እንጦጦ ጠዋት መስኮት ስከፍት የማየው ተራራ ነው። እንጨቱም በራችን ድረስ ይመጣል። ልጅ ሆኜ እናቴ በር ላይ ከቆሙት ሴቶች ጋር እንድከራከር ትልከኝ ነበር። «አምስት ብር ቀንሱ በያቸው» ትለኛለች፤ እላቸዋለሁ፤ እነሱም ሸክሙን ሳያወርዱ፣ ጎንበስ እንዳሉ፣ ከታች ወደ ላይ አይተውኝ ይቀንሳሉ። ለምን ቶሎ እንደሚቀንሱ ያኔ አልገባኝም ነበር። ያልተሸጠ ሸክም ወደ ሌላ በር መሄድ አለበት፤ የሚሄደውም በጀርባ ነው።

ብቻዬን እሄዳለሁ ስል ቤቱ ተናጋ። ባለቤቴ «እኔ ልከተልሽ» አለ፤ እናቴ ደግሞ «ሰው ምን ይላል» አለች። ሁለቱም ከልባቸው ነው። ነገሩን እንደ ሒሳብ አስያዝኩት። በየት በኩል ወጥቼ በየት እንደምወርድ፣ በስንት ሰዓት የት እንደምደርስ በወረቀት ጽፌ ለታናሽ እህቴ ሰጠኋት። በየሰዓቱ እደውላለሁ፤ አንዱን ሰዓት ካለፍኩ እሷ ትደውላለች፤ ካላነሳሁ ባለቤቴ ይነሳል። ማንኛችሁም ብቻችሁን ለመውጣት ካሰባችሁ ይቺን አትዝለሏት። ሁለት ዳቦ፣ ቆሎ፣ ሁለት ሊትር ውኃ፣ ጋቢና የአባቴን ዱላ ይዤ፣ በጥቅምት የመጨረሻ ቅዳሜ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ወጣሁ። ብርዱን አትጠይቁኝ። በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው ለካ ለእንዲህ ያለ ማለዳ ነው።

ከቀበና ድልድይ ተነስቼ በጃን ሜዳ በኩል ስድስት ኪሎ ወጣሁ፤ ከዚያ ሽሮ ሜዳ። ሱቆቹ ገና አልተከፈቱም። ሽሮ ሜዳን አልፌ አቀበቱን እንደጀመርኩ የመጀመሪያዎቹ ሴቶች ከላይ ሲወርዱ አገኘኋቸው። እኔ ቀኔን መጀመሬ ነው፤ እነሱ ግማሹን ጨርሰዋል። ሸክሙ ከሰውየዋ ቁመት በላይ በጎን ስለሚዘረጋ ከሩቅ ሲታይ እንጨቱ ራሱ እግር አውጥቶ የሚሄድ ይመስላል። መንገድ ለቀቅኩላቸው። ሰላም ስላቸው የመለሱልኝ በዓይናቸው ነው። የተሸከመ ሰው አንገቱን ማዞር አይችልም፤ ለመናገርም ትንፋሽ ይቆጥባል። ከጎናቸው ሩጫ የሚለማመዱ ወጣቶች ሽው እያሉ ይወጣሉ። ሯጮቻችን እንጦጦን የሚወዱት አየሩ ስስ ስለሆነ ነው፤ ሳንባ ያጠነክራል ይባላል። ያው ስስ አየር ለሸካሚዋም ያው ነው፤ ለእሷ ግን አሠልጣኝ የላትም።

አቀበቱ ከቢሮ ወንበር ለመጣ ሰው ቀልድ አይደለም። አዲስ አበባ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት፤ የእንጦጦ ከፍተኛው ቦታ ደግሞ 3,200 ሜትር ገደማ ነው። በየሃምሳ እርምጃው እየቆምኩ፣ ባዶ እጄን ወጥቼ፣ ሦስት ሰዓት ሲሆን እንጦጦ ማርያም ደረስኩ። ተሳልሜ ከግቢው ውጭ ተቀመጥኩና የመጀመሪያውን ዳቦ በላሁ።

እዚህ ላይ ስለ እንጨት ትንሽ ታሪክ ልጨምር፤ ከጉዳዬ አይወጣም። አፄ ምኒልክ ገና የሸዋ ንጉሥ ሳሉ የከተሙት እዚህ ተራራ ላይ ነው። ንጉሠ ነገሥት ሆነው የተቀቡትም በዚሁ በማርያም ቤተ ክርስቲያን በ1882 ዓ.ም. ነው። ግን ተራራው ነፋሻና ብርዳም ነው፤ እንጨቱም እየተመናመነ ሄደ። እቴጌ ጣይቱ ወደ ፍልውኃ ወርደው በ1879 ዓ.ም. ቤት ካሠሩ በኋላ ቦታውን አዲስ አበባ አሉት፤ ከተማውም ቀስ በቀስ ተከትሏቸው ወረደ። እታችም ቢሆን እንጨት አልበቃ አለ። ቤት የሚሠራው፣ የሚጋገረው፣ የሚሞቀው ሁሉ በእንጨት ነው። ዋና ከተማውን ወደ አዲስ ዓለም እስከማዛወር ድረስ ታስቦ ነበር። ከተማዋን ካለችበት እንዳትነቃነቅ ያደረገው በዚያ ዘመን መጥቶ የተተከለው ባሕር ዛፍ ነው። ስሙ እንደሚለው ከባሕር ማዶ የመጣ ዛፍ፤ ቶሎ ያድጋል፣ ቢቆርጡት ከጉቶው ያቆጠቁጣል። እንግዲህ አዲስ አበባ አዲስ አበባ ሆና የቀረችው እንጨት ስላገኘች ነው። የታሪክ መጽሐፍ ዛፉን ያስመጡትን ያመሰግናል፤ ተገቢ ነው። ከተራራው ወደ ምድጃ ያደረሰው ማን እንደሆነ ግን ብዙ አይጻፍም።

ከማርያም በራጉኤል አድርጌ፣ በ2013 ዓ.ም. የተመረቀውን የእንጦጦ ፓርክ አስፋልት ትቼ፣ በተራራው ጀርባ ወደ ምሥራቅ መሄድ ጀመርኩ። ቀኑ ብቻዬን የሆንኩበት ከዚህ በኋላ ነው። ከባሕር ዛፍ በቀር ምንም የለም። ቅጠሉ ሲረገጥ ይንኮሻኮሻል፤ ሽታው ጉንፋን የያዛት ሰው የምትታጠነው ዓይነት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ለብዙ ሰዓት ብቻዬን ሆኜ አላውቅም ነበር። ቤት ውስጥ ሰው አለ፣ ታክሲ ውስጥ ሰው አለ፣ ቢሮ ሰው አለ። መጀመሪያ ላይ በየደቂቃው ወደ ኋላዬ እዞር ነበር። ከዚያ ራሴን ስሰማ ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ ነው፤ እርምጃዬን። የሙያ ነገር ሆነና ቁጥር ሲኖር ፍርሃቱ ይቀንሳል።

አንድ ገላጣ ቦታ ላይ ተራራው በሁለቱም በኩል ታየኝ። በደቡብ ከተማዋ ጢሷን ለብሳ ተኝታለች፤ በሰሜን የሱሉልታ ሜዳ ቢጫና አረንጓዴ ሆኖ ተዘርግቷል። እዚህ ጀርባ ላይ የሚዘንብ ዝናብ ሁለት ቦታ ይካፈላል። በእኛ በኩል የወረደው ቀበና ወንዝ ገብቶ፣ ከአቃቂ ጋር አዋሽን ይቀላቀልና ባሕር ሳይደርስ አፋር ምድር ውስጥ ይቀራል። በወዲያ በኩል የወረደው በሙገር አድርጎ ዓባይ ይገባል። ተመሳሳይ ዝናብ ነው፤ የወደቀበት ስንዝር ነው የሚለየው። ቆሎዬን እየቆረጠምኩ እዚያ ብዙ ቆየሁ። ከእህቴ ሰዓት አስራ ሁለት ደቂቃ አሳልፌ ስልኬ ሲጮህ ነው የደነገጥኩት።

ትንሽ ወረድ እንዳልኩ አንድ ሰው መንገዱ ዳር ተቀምጦ አየሁ። ጠመንጃ ይዟል። እግሬ ቆመ። የደን ጥበቃ ነው። «እህቴ፣ ብቻሽን ምን ጠፍቶብሽ ነው?» አለኝ። እውነቱን ነገርኩት፦ የሸካሚዎችን መንገድ ለማየት። ቦርሳዬን አየ፤ ዳቦ አካፈልኩት፤ የሚወርዱበትን አቅጣጫ አሳየኝ። ደግ ሰው ነበር። ግን ያን ቦርሳ ሲያይ የተሰማኝን አልረሳውም። እኔ የያዝኩት ዳቦ ነው፤ ከፍቼ አሳየሁ፣ አለቀ። እሱ የቆመው ደኑን ለመጠበቅ ነው፤ ሥራው ነው። እርጥብ የቆረጠች ሴት ግን የቀኑን ሙሉ ልፋቷን አስረክባ ባዶ ጀርባዋን ልትወርድ ትችላለች። ይሄም በቅጼ ላይ አልነበረም።

ሰባት ሰዓት ገደማ አምስት ሴቶች አገኘሁ። ጭራሮ እየሰበሰቡ ያስራሉ። አንዷ ከእኔ ታንሳለች፤ አንዷ እናቴን ታክላለች። ማን እንደሆንኩ ከነገርኳቸው በኋላ ትልቋ ሴትዮ «ብቻሽን መምጣትሽ ግን ጥሩ አይደለም» አሉኝ፤ ጅቡን እንደሆነ ጠየቅኳቸው። «ጅብማ ድምፅ ያሰማል፣ ይሸሻል። እኛ ልጃገረድ ብቻዋን የማንለቀው ለጅብ ብለን አይደለም» አሉ። ወጣቷ መሬት መሬት አየች። ከዚያ በላይ ማንም አልተናገረም፤ እኔም አልጠየቅኩም።

እስሩን ላንሳ አልኩ። ዘዴ አለው፦ ሸክሙን ጉብታ ላይ አስደግፈሽ፣ ጀርባሽን ሰጥተሽ ትቀመጫለሽ፤ ገመዱን በትከሻና በደረትሽ ታዞሪያለሽ፤ ከዚያ ወደ ፊት ተደፍተሽ ትነሻለሽ። ሌላዋ እጅሽን ይዛ ትጎትትሻለች። ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ሦስቴም ተመልሼ ቁጭ አልኩ። ሳቃቸውን ብትሰሙት! የዕለቱ ትልቁ ጨዋታ እኔ ነበርኩ። በመጨረሻ ትንሽ እስር አስረው ሰጡኝ፤ ለልጅ የሚታሰረውን። ከፈልኩ፤ ዋጋ አልተከራከርኩም።

እነሱ ገና የሚሰበስቡት ስለነበራቸው ቀድሜ ወረድኩ፤ በጉራራ በኩል ወደ ፈረንሳይ። ስለዚህ ቁልቁለት ብዙ መናገር እፈልግ ነበር፤ ግን የማስታውሰው ትንሽ ነው። ከላይ ሆኜ ስለ ዝናብ፣ ስለ ምኒልክ፣ ስለ ባለቤቴ፣ ስለዚህ ጉባኤ ሪፖርት ሳስብ ነበር። ሸክሙን ካነሳሁ በኋላ ያሰብኩት የሚቀጥለውን ድንጋይ ብቻ ነው። ገመዱ ትከሻዬን ቆረጠኝ። ጉልበቴ ቁልቁለት ላይ በራሱ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ስምንት ጊዜ አረፍኩ፤ አምስተኛው ላይ ጥዬው ልሄድ ነበር። አንድ ትንሽ ልጅ በሰፈሩ መግቢያ ላይ «እማማ፣ እንጨቱ ስንት ነው?» አለኝ። ሠላሳ አራት ዓመቴ ነው! ጋቢውና ጉብጠቱ ነው ያስረጀኝ።

ፈረንሳይ ስደርስ ፀሐይ ልትጠልቅ ነው። ቀበና ገብቼ ቤት ከመድረሴ በፊት ወፍጮ ቤት ጎራ አልኩና እስሩን ሚዛን ላይ አስቀመጥኩት። 13 ኪሎ። የወፍጮ ቤቱ ባለቤት እስካሁን ሲያየኝ ይስቃል።

በሚቀጥለው ሳምንት እኚያን እናት ከነሸክማቸው እዚያው ሚዛን ላይ እንዲያልፉ ለመንኳቸው። ሸክማቸው 33 ኪሎ። ራሳቸው ደግሞ ሸክሙን አውርደው ሲቆሙ 47። የዛሬ ሠላሳ ዓመት ገደማ በእንጦጦ ሸካሚ ሴቶች ላይ የተሠሩ ጥናቶችም የደረሱበት ከዚህ የራቀ አይደለም።

ከዚያ አብረን ቁጭ ብለን ቅጹን እንደ አዲስ ሞላነው። በሳምንት አምስት ቀን ያልኩት ሦስት ሆነ። አንድ ቀን ከተሸከሙ በማግስቱ ጀርባው አይነሳምና፣ የልብስ አጠባውም የሚሠራው በዚያ ቀን ነውና። ሦስት ጊዜ 200፣ በሳምንት 600፣ በወር 2,400 ብር። እሱም ያልተወሰደባቸው፣ ዝናብ ያልያዛቸው፣ ያልታመሙበት ወር ነው። እኔ 1,500 ክፈሉ ብያቸው ነበር። በቀሪው 900 ብር ከሦስት ልጆች ጋር ምን በልተው ሁለት ወር እንደከፈሉኝ እስካሁን መጠየቅ አልደፈርኩም።

የሙያ አጋሮቼ ካላችሁ ይቺን ስሙኝ። ለስፌት አባሎቻችን ብድር ስንሰጥ ለመኪናው የእርጅና ቅናሽ እናስባለን፤ መኪናው በዚህን ያህል ዓመት ያልቃል፣ ይተካል ብለን ከገቢው እንቀንሳለን። ጥሩ አሠራር ነው፤ ትምህርት ቤት የተማርኩት ነው። ለጉልበት ግን አስበን አናውቅም። የእኚያ እናት ጉልበት በየቀኑ እያለቀ ነው፤ መለዋወጫም የለውም። ወጪ ዜሮ ብዬ የጻፍኩት እሱን ነው።

ስለዚህ ለጉባኤው ሦስት ነገር አቅርቤያለሁ። አንደኛ፣ የጉልበት ሥራ የሚሠሩ አባላት ቅጽ ላይ የሥራ ቀን ብዛት በግምት እንዳይጻፍ፤ የመንገዱ ሰዓትና የሸክሙ ኪሎ ተጠይቆ ይመዝገብ። ሁለተኛ፣ ሸክም ትተው ወደ ሌላ ሥራ ለሚዛወሩ የስድስት ወር እፎይታ ይሰጥ፤ አዲሱ ሥራ እስኪቆም በአሮጌው እየተሸከሙ እንዳይከፍሉን። ሦስተኛው ለደጋፊዎቻችን ነው፦ እንጀራ ጋጋሪ አባሎቻችን አብዛኛዎቹ የሚጋግሩት በክፍት ጉልቻ ነው። ምርጥ የሚባለው ምድጃ የእንጨት ፍጆታውን በግማሽ ገደማ ይቀንሳል። በግማሽ ማለት ለእኔ አሁን በትከሻዬ የማውቀው ቁጥር ነው። እዚያው በእንጦጦ አካባቢ ቀድሞ እንጨት ይሸከሙ የነበሩ ሴቶች ተደራጅተው ሽመና እየሠሩ ነጠላና ሻርፕ ይሸጣሉ፤ መውጫው እንዳለ አይተናል። መውጫው ግን ጊዜ ይፈልጋል፤ ጊዜውን ነው የምንጠይቃችሁ።

እናታችን አሁን በወር 500 ብር ይከፍላሉ፤ ኮሚቴው በጊዜያዊነት ፈቅዷል። በሳምንት አንድ ቀን እስካሁን ይወጣሉ። እንጀራው አሥራ አንድ ቋሚ ደንበኛ አለው፤ አንዷ እኔ ነኝ። ከእንጦጦ የመጣሁ ዕለት ማታ ቤታቸው ሄጄ ነበር። «ብቻሽን ወረድሽ?» አሉኝ። «አዎ» አልኳቸው። «ምን ስታስቢ ወረድሽ?» «ምንም፤ እግሬን ብቻ።» ራሳቸውን ነቀነቁና ቡና ቀዱልኝ።

ያቺ 13 ኪሎ እናቴ ቤት አንድ ጊዜ ተጋግሮባት ትንሽ ተረፈች።

የተሻሻለው ቅጽ ከጸሐፊያችን ጋር አለ። ከሻይ በኋላ ድምፅ ስለሚሰጥበት ማንበብ የምትችሉ ለማትችሉት አንብቡላቸው። ከኮሚቴው ውስጥ ቅጹ ረዘመ የምትል ካለች ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የአባቴን ዱላ አውሳታለሁ።